«አሮጌ» የሚባለው ስታይል

ቲቸር ኢቲቻ የትምህርት ቤቱን መጽሔት ሲከፍቱት አማርኛው የለም። ገጹን የሞላው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የጥያቄ ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የቆሙት አዘጋጆች እርስ በርስ ተያዩ።

«ዛሬ ጠዋት እዚህ ፍላሽ የሰካ ማነው?» አሉ ቲቸር።

ኡበይድ እጁን አወጣ። የእንጦጦውን የችግኝ ተከላ ፎቶዎች ያነሳው እሱ ነው፤ ሲግናል ሰፈር ካለው ከአጎቱ ፎቶ ቤት በፍላሽ ያመጣቸውም እሱ። ቲቸር ሌላ አልጠየቁም። ቫይረስ ነው አሉና ከአዘጋጆቹ አስወጡት። ኡበይድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ከአዘጋጆቹ አንዷ የሆነችው ዶርቃ ደነገጠች። ትናንት ከሰዓት ስታይሎቹን ያጸዳችው እሷ ናት። ስታይል የጽሑፍ ዩኒፎርም በሉት፤ የርዕሱም የአንቀጹም መልክ በየስሙ ይቀመጣል፣ ከዚያ ጽሑፉን ማልበስ ብቻ ነው። ችግሩ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሁሉ የራሱን ፈጥሯል፦ «አዲስ»፣ «አዲስ አዲስ»፣ «የሳጂዳ አትንኩ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የእውነት የመጨረሻ»። ጉድ እኮ ነው። ከሁሉም በታች «አሮጌ» የሚባል ነበር፤ ማን ይጠቀምበታል ብላ አጠፋችው። ኮምፒውተሩ በምን ልተካው ሲላት ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን መረጠች። ፊቷ የነበረው ገጽ ፎቶ ብቻ ስለነበር የተለወጠ ነገር አላየችም። መብራት ሳይሄድ ብላ ሴቭ አደረገች። መብራቱም አላሳፈራትም፣ ወዲያው ሄደ።

ታዲያ ያበላሸው ማነው? ቫይረሱ? መብራቱ? እሷ? ባሰበችው ቁጥር ይበልጥ ይምታታባታል።

በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ለሳጂዳ ነገረቻት። ሳጂዳ አታካብጂ አለቻት፤ ቫይረስ የሌለው ፍላሽ የት አለና። «በማታውቂው ነገር ራስሽን ለምን ታስጠይቂያለሽ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

እውነቷን ይሆን? ዶርቃ ይህንንም አላወቀችም። ምሳዋን ትታ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና ያለፈውን ሳምንት ቅጂ ከፈተች። አማርኛው ደህና ነው። «አሮጌ»ን አጠፋች፣ የመጀመሪያውን መረጠች። ገጹ ዓይኗ እያየ ተዘበራረቀ። ለካ ሌሎቹ ስታይሎች ሁሉ የግዕዝ ፊደላቸውን የሚወስዱት ከ«አሮጌ» ኖሯል። መለሰችው፤ አማርኛው መጣ። ደግማ አጠፋችው፤ ጠፋ።

ሳጂዳ ከኋላዋ ቆማ ታይ ነበር። «በቃ፣ አወቅሽው አይደል? አሁኑኑ አስተካክይው። ቫይረሱ ለቀቀ እንላለን።»

ቀላል ነበር። መጽሔቱ ይድናል፤ እሷም ዓመቱን ሙሉ ተመኝታ ያገኘችው የአዘጋጅነት ቦታ አይነካባትም። በመስኮቱ ስታይ ኡበይድ ሜዳው ዳር ብቻውን ተቀምጧል። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

ቅጂውን እንደነበረ መለሰችና ሄዳ ቲቸርንም ኡበይድንም ጠራች። ቲቸር ኢቲቻ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ኡበይድ ግን ተከልክሏልና በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ» አለችው። እስኪገባ ጠበቀች።

«ቲቸር፣ ትናንት ያደረግኩትን ላሳይዎት» አለችና «አሮጌ»ን አጠፋችው።