ወንበር የሞላው የእናት ክፍል

ዕቃ የሚሸጥ ሰው ገዢ መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ለፍቶ የሠራውን ነገር ዞር ብሎ የሚያየው ቢጠፋ ልቡ ይሰበራላ! ግን የሰውን ፍላጎት እናውቃለን ብለን የምንዘረጋው ወጥመድ ራሳችንን የሚይዝበት ጊዜ አለ። እንዲህ ስለሆነ አንድ አናጺ ላጫውታችሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት፤ ከክፉ ሰው ማንም ይጠነቀቃል። ይሄኛው ግን ደግ ሰው ነበር፤ እንደ እናንተው።

ሰፈርተኛው «ሜትሩ» ይለዋል። የመለኪያ ሜትር ከወገቡ ወርዶ አያውቅም። «ቀብር ሄዶ እንኳ ሳጥኑን በዓይኑ ይለካል» እያሉ ያሙታል። ከቤቱ ፊት ለፊት የሚሠራበት ክፍል አለ፤ ቀጥሎ ከሚስቱ ጋር የሚኖርባቸው ሁለት ጠባብ ክፍሎች፤ በስተጓሮ ደግሞ በገዛ እጁ ያቆማት አንዲት ክፍል። ያቺ የእናቱ ክፍል ነበረች።

እናቱ ፎቅ ላይ፣ አራተኛ ደርብ ተከራይታ ትኖራለች። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ፣ ከወረደች መውጣት ስለማትችል አትወርድም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ከላይ ወደ ታች የመንገደኛውን አናት ስታይ ትውላለች። «አናትማ ጠገብኩ ልጄ፤ የናፈቀኝ የሰው ፊት ነው» ትለዋለች። ሜትሩም የጓሮዋን ክፍል ወለል ደልድሎ፣ ግድግዳዋን ነጭ ቀብቶ፣ «ቀለሙ ይድረቅና እወስድሻለሁ እማዬ» ብሏታል።

በዚያው ሰሞን ከክፍሏ ሥራ በተረፈ እንጨት አንድ የሚወዛወዝ ወንበር ሠራ። ሲያምር! ታናሽ እህቱ አየችውና፣ «ይሄን እዚህ ሰፈር ማን ይገዛሃል? በኢንተርኔት ጨረታ እናውጣው» አለችው። እህቱ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ስልክ ላይ ጣቷ እንደ ዝናብ ነው። ፎቶ አነሳችው፣ ትንሽ መነሻ ዋጋ ጻፈችና አወጣችው። ማንም ሰው በፈለገው ቅጽል ስም ገብቶ ዋጋ እየጨመረ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ከሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠው ይወስደዋል።

ሰው አየው፤ ብዙ ሰው። ዋጋ የሰጠ ግን አንድ ብቻ ነበር። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነኝ የምትል ሴት መነሻውን ዋጋ ሰጥታ፣ ከሥሩ ጥያቄ ጻፈች። ሚስቱ ስልኩን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችለት። «ጉልበቴን ያመኛል። ከወንበሩ ስነሳ ወደ ኋላ አይሸሽብኝም ወይ?»

«መልስላት እንጂ» አለችው ሚስቱ።

«ተያት ባክሽ። ጠያቂና ገዢ ይለያያል። የሚገዛ ሰው ዋጋ ይጨምራል እንጂ ጥያቄ አያበዛም።»

«እኔ ሽንኩርት ስገዛ እንኳ እጠይቃለሁ» አለች ሚስቱ። እሱ ግን አልሰማትም፤ ሐሳቡ ስልኩ ላይ ቀርቷል።

በማግስቱ እህቱን ለብቻዋ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ አገኛት። «ይሄ ሁሉ ሰው ያየዋል። ከመሃሉ የምሩን የሚፈልገው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ቀላል ነው ጋሼ። እኔ በሌላ ስም እገባና ትንሽ እጨምራለሁ። የፈለገ ይከተለኛል፣ ያልፈለገ ይቀራል። የገዢ ልብ የሚለካው እንዲህ ነው።»

«ነውር አይሆንም?»

«ምኑ ነው ነውሩ? ማሟሟቅ እኮ ነው፤ የሰው ኪስ አልገባን። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።»

«ሁሉም የሚያደርገው ከሆነ እሺ» አለ። ለሚስቱ ግን አልነገራትም። አያችሁ፣ ነገሩ ነውር መሆኑን ልባችን የሚያውቀው ገና ከቤተሰብ ስንደብቀው ነው።

ጨረታው ሊዘጋ ሲቃረብ ሜትሩ ከእህቱ ትከሻ ኋላ ቆመ። እህቱ ጨመረች። ወዲያው «ንስር» የሚባል ሰው በላይዋ ላይ ጨመረ። አዋላጇ የዚያን ጊዜ ወጣች፤ ማንም ልብ አላላትም።

«ጨምሪ!»

ጨመረች። ንስሩ ቀጠለ።

«ጨምሪ እንጂ! አይለቅም፣ ታያለሽ።»

እውነትም አልለቀቀም። በመጨረሻ እህቱ ስልኩን አስቀምጣ ስታቆም፣ ወንበሩ ሜትሩ በሕልሙም ባላሰበው ዋጋ ለንስሩ ሄደ። ሜትሩ እህቱን አቅፎ ከመሬት አነሳት። የጨረታው ድርጅት መኪና ልኮ ወንበሩን ወሰደ፤ የት እንዳደረሰው ሻጭ አይነገረውም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ አግዳሚ እንዲሠራ ጠይቆት ነበር፤ «ጊዜ የለኝም፣ ወንበሬ ገበያ አግኝቷል» ብሎ መለሳቸው። ሚስቱ ይሄን ስትሰማ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እሱ ደስታ መስሎት ነበር። ያለ የሌለ እንጨቱን አውጥቶ ዘጠኝ ወንበር ሠራ። መሥሪያ ክፍሉ ሲሞላ መኝታ ቤት አስገባ፤ መኝታ ቤቱ ሲሞላ የእናቱን ክፍል በር ከፈተ። «እስኪሸጡ ድረስ ነው» አለ። ማንም ሳይጠይቀው ነው ያለው።

ሁለተኛውን ወንበር ጨረታ አወጡ። እህቱ እንደ ልማዷ ጨመረች። ንስር አልመጣም። ሌላም ሰው አልመጣም። ሰዓቱ አለቀና ወንበሩን እህቱ አሸነፈች።

«ምን ማለት ነው?» አላት።

«ከራሳችን ገዛን ማለት ነው» አለችው ፈራ ተባ እያለች።

ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። እህቱ ካልጨመረች ወንበሩ ከእንጨቱ በታች በሆነ ዋጋ ይሄዳል፤ ከጨመረች ተመልሶ እዚያው ቤት ይቀራል። በየትም ቢዞር ግድግዳ ነው። «ንስሩ የታለ? ያን ያህል የወደደ ሰው እንዴት አይመለስም?» እያለ ቀን በቀን ስልኩን ይነካካል። ቤት ውስጥ በጎን ካልሆነ መራመድ አይቻልም። በሩ ሲዘጋ ወንበሮቹ ሁሉ ባንድ ላይ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሚስቱ፣ «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሄዱት?» አለችው አንድ ቀን። ቀልዷን ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም።

እናቱ ትደውላለች። «ልጄ፣ ቀለሙ አልደረቀም?»

«ትንሽ ይቀረዋል እማዬ።»

«ምን ዓይነት ቀለም ነው? ክረምቱ መጥቶ ሄደ እኮ።»

ስልኩን ሲዘጋ እጁ ይከብደዋል። ዓይኑ ግን ተመልሶ ጨረታው ላይ ነው።

ሌላም ያልገባው ነገር ነበር። ጸጉሩን የሚያስተካክለው የሚስቱ ወንድም ነው፤ በሁለተኛው መንገድ ጥግ ፀጉር ቤት አለው። ሰውየው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይሸሸዋል። ሲደውልለት አንዴ «መብራት የለም»፣ አንዴ «ማሽኑ ተበላሽቷል»፣ አንዴ ደግሞ «ቤት ድረስ መጥቼ አስተካክልሃለሁ» ይላል፤ አይመጣም። የሜትሩ ጸጉር ጆሮውን ሸፍኖ አንገቱ ላይ ደረሰ። እናቱን ሊጠይቅ ባሰበበት ጠዋት መስታወት አየና አፈረ። «መብራት ባይኖርም በመቀስ ይቁረጠኝ» ብሎ ሳይደውል ሄደ።

በሩን ገፋ። መብራት አለ። ማሽኑ ይጮሃል። ተራ በሚጠበቅበት ጥግ፣ የሚወዛወዝ ወንበር ላይ፣ አንድ አዛውንት ጋዜጣ ደረታቸው ላይ አድርገው ያንቀላፋሉ።

ልጁን የማያውቅ አባት የለም። ሜትሩ ቀርቦ የመደገፊያውን ጥግ ዳሰሰ። የራሱ ወንበር ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋ። «አማቼ... ቁጭ በላ።»

«የት ልቀመጥ? ንስሩ ላይ?»

ፀጉር አስተካካዩ በፎጣ ፊቱን ጠረገ፤ ላብ ነበር። «ምን ላድርግ፣ እህቴ ናት። "ባሌ እንጀራ አልበላ አለ፣ ተስፋ እንዳይቆርጥ አንዴ ብቻ ጨምርለት፣ እንዳትነግረው" አለችኝ። አንዴ ጨመርኩ። ከዚያ አንዱ የማይረባ ሰው በላዬ ላይ ጨመረብኝ! ልተወው? "ንስር" ብዬ ገብቼ ዶሮ ሆኜ ልውጣ? ደሜ ፈላ። ለመስታወት መግዣ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ሁሉ ይዞብኝ ሄደ።»

«ያ የማይረባ ሰው እህቴ ናት» አለ ሜትሩ። «ጨምሪ የምላትም እኔ ነበርኩ።»

ተራቸውን የሚጠብቁት አዛውንት በዚህ መሃል ነቅተው ኖሯል። «እንግዲያው ሁለታችሁም ከገደል ማሚቶ ጋር ነው የተሟገታችሁት» አሉ። ሊነሱ ሞከሩ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ሸሸ። ፀጉር አስተካካዩ ሮጦ እጃቸውን ያዘ። «ለሁሉም ደንበኛ እንዲህ ነው የማደርገው» አለ እያፈረ። «ማስቀመጥ ያውቃል፤ ማስነሳት አያውቅም።»

ሜትሩ የአዋላጇ ጥያቄ ትዝ አለው። ስነሳ ወደ ኋላ አይሸሽብኝም ወይ? ከተመልካቹ ሁሉ ስለ ወንበሩ የጠየቀች ሰው አንድ ብቻ ነበረች። የምሯን መቀመጥና የምሯን መነሳት ያሰበች እሷ ብቻ ናት። እሷንም በገዛ ዘመዶቹ ገፍቶ አስወጣት። እንጨት ሲሆን ከመቁረጡ በፊት ደጋግሞ ይለካል፤ የሰውን ልብ ግን በራሱ እህት ድምፅ ለካው።

ጸጉሩን ሳይቆረጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስቱ ፊቱን አየችና በሩ ላይ ቆመች። «አወቅህ?»

«አወቅኩ። አንቺስ የእህቴን ሥራ ታውቂ ነበር?»

«የምን ሥራ?»

ነገራት። ሚስቱ የመሳቅም የማልቀስም ፊት አሳየች። «እኔ ለሞራልህ ብዬ ነው» አለች። «የትምህርት ቤቱን ሥራ ስትመልስ ልነግርህ ነበር፤ ደስታህን ማፍረስ አቃተኝ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ አፌ ታሰረ።»

«እኔስ ያንቺን ዓይን ፈርቼ አይደል የደበቅኩሽ? ሁለታችንም አንድ ጉድጓድ ነው የቆፈርነው፤ አንቺ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ።»

እህቱን አስጠርቶ ጨረታ ላይ ያሉትን ወንበሮች ሁሉ አስወረዳት። ከዚያ ለአዋላጇ መልስ አስጻፈ። «እናቴ፣ ጥያቄዎን ስላልመለስኩ ይቅርታ። ወንበሩ ሲነሱ ይሸሻል። የዚያን ቀን ዋጋ የጨመሩብዎትም የራሴ ዘመዶች ናቸው።» እህቱ እየጻፈች ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን ቃል አልቀነሰችም።

መልሱ በማግስቱ መጣ። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ሌላ ወንበር ገዝቻለሁ። ያን ጊዜ "ይሄ የባለ ገንዘብ ዕቃ ነው፣ ለእኔ ቢጤ አይደለም" ብዬ ነበር የተውኩት።» ከዚህ ሌላ ምንም አላለችም። ሜትሩ ይህቺን መልስ እህቱን ደጋግሞ አስነበባት። ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር።

ከዘጠኙ ወንበሮች ሦስቱን አፈራርሶ ለእናቱ አልጋ ሠራ። የቀሩትን እያንዳንዳቸውን ከሥር የምትገባ ማቆሚያ አበጀላቸው፤ በእግር ገፋ ሲያደርጓት ወንበሩ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ ማቆሚያ የገባለት የፀጉር ቤቱ ወንበር ነው፤ ለዚያኛው የተከፈለውንም ገንዘብ ለፀጉር አስተካካዩ ሊመልስለት ተስማማ። የቀሩትን አንድ በአንድ፣ ጉድለታቸውንም ጭምር እየጻፈ አወጣቸው። የዘመድ እጅ አልገባም። አንዳንዶቹ በርካሽ ሄዱ። አንደኛው እስከ ዛሬ አልተሸጠም። ግን ሰው ሲጠይቅ፣ የበሩን ስፋት ሲጠይቅ፣ እንጨቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ሜትሩ ሥራ አቁሞ ይመልሳል። የእውነት ፈላጊ ድምፁ ዝግ ያለ መሆኑን አውቋላ።

ክፍሏ ባዶ በሆነች ቀን ሜትሩና ፀጉር አስተካካዩ የንስሩን ወንበር ተሸክመው አራተኛ ደርብ ወጡ። እናቱን አስቀመጧት፣ ማቆሚያዋን አጠበቁ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። እህቱ ትራሱን፣ ሚስቱ ሻንጣውን ይዘው ይከተላሉ።

«ወንበሩስ ግሩም ነው» አለች እናቱ እየተንገጫገጨች። «ማነው የገዛው?»

«እኛው» አለ ፀጉር አስተካካዩ እያለከለከ።

«ከማን?»

«ከኛው።»

እናቱ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ሳቀች። በር ላይ ሲደርሱ ግን ሳቋን ትታ ቀና አለች፤ መንገደኛው እያለፈ ነበር፤ በአናቱ ሳይሆን በፊቱ።

የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ሲያስገባት እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ነካች። «ደርቋል» አለች።

«ድሮም ደርቆ ነበር እማዬ» አላት ሜትሩ። «ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። ወንበር ሞልቼባት ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ቀለም ለመድረቅ ክረምት እንደማይፈጅ ጠፍቶኝ ነው? አንተው እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው።»

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የሰውን ልብ ማወቅ ስትፈልጉ ሰውን ጠይቁ፤ የጠየቃችሁንም መልሱለት። የራሳችሁን ድምፅ በሌላ ሰው ስም ልካችሁ «ተፈለግኩ» አትበሉ። ያ ድምፅ ዞሮ የሚመጣው እናንተው ቤት ነው፤ ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ለእናት የተሠራውን ክፍል ይሞላል።