የተነሣው ድንጋይ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2019 ዓ.ም. ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በእስራኤል ከፔታሕ ቲክቫ ከተማ በሚወጡት መንገዶች ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ገና አልለቀቀም ነበር፤ በሰሜን አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት በፖሊስ ጥይት ስለ ወደቀ፣ የማኅበረሰቡ ልጆች መንገድ ዘግተው አገሪቱ ለሰዓታት ቆማለች። በዚያ ረፋድ የብረት መርማሪው ዋኘው በአንድ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ፣ ከታሰሩት አንዱ የሆነውን ደቀ መዝሙሩን ኤሊሻይን ይጠብቅ ነበር።

ዋኘው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። በጎንደር ሳሉ አባቱ ብረት በመቀጥቀጡ ጎረቤት ቡዳ እያለ ይሸሸው ስለ ነበር፣ ልጁ ከብረት ርቆ በሐኪም ቤት ሊያገለግል ምሎ ነበር፤ እስራኤል ከገቡ በኋላ ግን የአገሪቱ ሠራዊት ወደ አውሮፕላን ጥገና መደበው፤ በዚያም አንድ ቀን የተሰበረ ብሎን በአጉሊ መነጽር ቢያይ፣ ስንጥቁ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በብረቱ ፊት ላይ ተሥሎ አገኘው። ከዚያ ወዲያ ከብረት አልተለየም፤ ተምሮ የብረት ስብራት መርማሪ ሆነ፤ ከሥራ በኋላም በፔታሕ ቲክቫ የፋብሪካ ሰፈር፣ ኪርያት አርዬ፣ በሚገኘው ቤተ ሙከራ የማኅበረሰቡን ልጆች ያስተምር ጀመር። የሚያስተምራቸው ሕግ አንድ ነበር፤ ያየኸውን ጻፍ፣ የሚያሳፍርህም ቢሆን።

ከሁሉም የሚበልጠው ኤሊሻይ ነበር፤ ሠራዊቱ በራሱ ወጪ ምሕንድስና ሊያስተምረው ቦታ ሰጥቶታል፤ የፖሊስ መዝገብ የተከፈተበት ግን ያንን ቦታ ያጣል።

እናቱ አምሳለች የፋብሪካ ልብሷን ሳትቀይር ደረሰች።

«ጋሼ ዋኘው፣ ጓደኞቹ ‹ምንም አልነካንም› ብለው ትናንትናውኑ ቤታቸው ገቡ። የእኔው ሊቅ እዚያ ውስጥ ምን እያስተማራቸው ነው?»

ጥቂት ቆይቶ ልጁ ወጣ፤ ዐይኑ ቀልቷል።

«ምን አልካቸው?» አለ ዋኘው።

«ድንጋይ አንሥቼ ነበር፤ አልወረወርኩም። ለምን አነሣህ ሲሉኝ፣ ልወረውር አልኳቸው።»

«ልብህን ማን አየው?» አለች እናቱ።

«እኔ አየሁት፣ እማ።»

መዝገብ ተከፈተበት። እናቱ የያዘችለት ጠበቃ ሃና መላ አገኘች፤ ልጁ ‹ደንግጬ የተናገርኩትን አላውቅም› ብሎ ቃሉን ይለውጥ፤ መምህሩም ልጁ ከጣቢያው ሲወጣ በድንጋጤ ራሱን ሳያውቅ እንዳገኘው ይመስክር፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ይዘጋል። ዋኘው እንዲህ ያለ ነገር አላየም፤ ልጁ ዐይኑ ይቅላ እንጂ ልቡ ሙሉ ነበር። ሆኖም ያ ቦታ ዳግመኛ እንደማይገኝ ያውቃልና፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ኤሊሻይ ሄደ።

«ፈርም። ይህ ቤተ ሙከራ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

ዋኘው ብዕሩን ዘረጋለት። ልጁ ተቀበለው።

«በሰደር» ብሎ በዕብራይስጥ እሺታውን ሰጠና ፈረመ፤ ዋኘውም ከሥሩ ፈረመ።

መዝገቡ ተዘጋ፤ ኤሊሻይም ተምሮ መሐንዲስ ሆነ። ከዓመታት በኋላ የዋኘው ዐይን ሲደክም፣ የቤተ ሙከራውን ልጆች ተረክቦ እንዲያስተምር ለመነው።

«ይቅርብኝ፣ ጋሼ» አለ ኤሊሻይ በትሕትና። «ምን ብዬ ላስተምራቸው?»

«የምታውቀውን።»

«የማውቀውማ የፈረምነውን ነው።»

ትምህርቱ ተረካቢ አጥቶ ቀረ። የዚያን ሐምሌ ታሪክ የጻፉ ሰዎች የተዘጉትን መንገዶች፣ የተቃጠሉትን መኪናዎችና የታሰሩትን ሰዎች ዘግበዋል፤ አንድ ልጅ ማንም ሳያስገድደው በራሱ ላይ እውነቱን መናገሩን ግን ማንም አልጻፈም። በማኅደር የቀረው፣ ያ ልጅ በዚያ ቀን ራሱን እንዳላወቀ የሚናገረው ቃል ነው፤ ምስክሩም መምህሩ ነው።