የሟርተኛው ቁጥር

ጋሩማ ወደ ሃሩን ፎቶ ቤት መጀመሪያ የገባው ለመታወቂያ ፎቶ ነበር። የቤቱን የውሰት ኮት ለብሶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከጠረጴዛው ስር ያለችውን፣ ፎቶው ሁሉ የተከማቸባትን አንዲት ሃርድ ዲስክ አየና ጠየቀ።

«ይህ ቤት ቢቃጠል የነቀምቴ ሰው ፊት ሁሉ ከየት ይገኛል?»

ካሜራውን የያዘችው ሩክያ ሳቋ አመለጣት። አባቷ ግን አልሳቁም።

«አፍህን በመልካም ክፈት፣ አንተ ልጅ» አሉት።

ሃሩን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ናቸው። ክፉን በስሙ መጥራት ደጅ ድረስ ማምጣት ነው ብለው ያምናሉ። ጋሩማ ደግሞ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ እንጀራው የሰው ክፉ ቀን ነው። ሁለቱ እንዴት ይስማሙ?

ያም ሆኖ ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነበር። ሳይበላሽም መምጣት ጀመረ። ፎቶዎቹ በኢንተርኔት ተገልብጠው ሩቅ አገር ባለ ማሽን፣ ክላውድ በሚሉት ላይ ይቀመጡ ብሎ ሽማግሌውን ነዘነዛቸው። ክላውድ ማለት ደመና ነው ሲባሉ፣ ደመና ላይ ሰቅዬ ዝናብ ሲመጣ ልለቅመው ነው ወይ ብለው አሾፉበት። በመጨረሻ ሰልችቷቸው ፈቀዱ። መለያ ኮድ የሚላክባቸው ሁለት ስልክ ቁጥሮች ተመዘገቡ፤ የሩክያ እና የጋሩማ።

ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ፎቶዎቹ እየተንፏቀቁ ነበር የሚሄዱት። ሁለቱም ስክሪኑን እየጠበቁ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት እያዩ ዝም ይላሉ። ፍቅር የያዛቸው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ኔትወርኩ ባይቋረጥ ኖሮ ሩክያ ትናደድ እንደነበር ለራሷም አልደበቀችም።

ጋሩማ ሽማግሌ ላከ። ሃሩን መለሷቸው። ሰፈሩ የሃይማኖት ነገር ነው ብሎ ደመደመ። ለልጃቸው የነገሯት ግን ሌላ ነበር።

«ሟርተኛ ቤቴ አላስገባም። የይለፍ ቃሉን ቀይሪ፤ ቁጥሩንም ከዚያ ነገር አጥፊው።»

ጋሩማ ደጃፉ ላይ ቆሞ ከእሷ አንዲት ቃል ጠበቀ። ሩክያ መሬት መሬቱን አየች። እሱም እናቱ ወዳለችበት ወደ ቢላ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ ተዘጋ፤ የዚያ አካባቢ ስልክም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ወሬ ብቻ ነበር፤ ወሬው ደግሞ አንድም ቀን ደግ ሆኖ አያውቅም።

ሩክያ የይለፍ ቃሉን ቀየረች። ቁጥሩን ግን ማጥፋት አልሆነላትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሄዶ የነበረው መብራት ሲመለስ በኃይል መጣ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ጨሰ፤ ከዚያ መጋረጃው፤ ከዚያ ጣራው። ሃርድ ዲስኳም እዚያው ነበረች።

በማግስቱ ሃሩን አመዱ ፊት ተቀምጠው ሳለ የሰፈሩ እናት አዴ ድርቤ መጣች። የሞተው ልጇ ጨመዳ እዚህ ቤት ከተነሳው በቀር ሌላ ፎቶ የለውም።

«ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አለች። «በእናንተ ቤት አለ ብዬ ተኝቼ ነበር።»

ሃሩን ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። ያ ልጅ ያስቀመጠው ነገር ይገኝ እንደሆነ ልጃቸውን በቀስታ ጠየቁ።

ሩክያ ከጎረቤት ኮምፒውተር ተዋሰች። ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ክላውዱ መለያ ኮድ እንዲልክ ቁጥር አስመረጣት። የእሷ አለ። የእሱም አለ። የእሷን ብትነካ ነገሩ ወዲያውኑ ያልቅ ነበር። የእሱን ነካች። ኮዱ ከደረሰው ይደውላል፤ ከደወለ ደግሞ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ማንም አልደወለም።

«ምን ሆነ?» አሉ አባቷ።

«ኔትወርክ ነው፣ አባ።»

ደግማ ላከች። አዴ ድርቤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስክሪኑን ታያለች። ሩክያ በዚህች ሴት ፊት በራሷ ጉዳይ መዘግየቷ አሳፈራት። ግን የራሷን ቁጥር መንካት የጋሩማን መርዶ በገዛ እጇ መቀበል መሰላት። ያም ሆኖ ጣቷን ወደ ራሷ ቁጥር ሰደደች። ልትነካው ስትል ስልኳ ጮኸ።

«ሩክያ፣ አካም ጅርታ? ደህና ነሽ?» ንፋስ በጋሩማ ድምፅ ውስጥ ይጮኻል። «ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ስልኬ ኮድ ኮድ አለብኝ። ምን ተቃጠለ?»

«ሁሉም» አለችው፤ እንባዋም መጣ።

የኮዱ ጊዜ ስላለፈ እንደገና እንድትልክ ነገራት። ላከች። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበላት፣ አንድ በአንድ ጻፈች። ማኅደሮቹ ተከፈቱ።

«በአንቺም ስልክ ይመጣልሽ ነበር እኮ» አለ ጋሩማ።

«አውቃለሁ። መኖርህን ማወቅ ፈልጌ ነው። ያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም። እወድሃለሁ።»

«መንገዱ ሲከፈት…» አለና መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች። አይሰራም።

ስክሪኑ ላይ ጨመዳ የውሰቱን ኮት ለብሶ ይታያል። አዴ ድርቤ ፊቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ሃሩን እሷን አዩ፤ ከዚያ ስልኳን በሁለት እጇ የጨበጠችውን ልጃቸውን አዩ። አጥፊው ያሉትን ቁጥር እንዳላጠፋችው ያኔ ገባቸው።

ሩክያ ቁጣቸውን ጠበቀች። ሃሩን ፊታቸውን ቢላ ወዳለበት አቅጣጫ አዞሩ።

«አታጥፊው» አሏት።