ዓይን የሸሸው ሣጥን

«አንገትሽን ቀጥ አድርጊና ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን ነጥብ በዓይንሽ ብቻ ተከተያት» አላት ሽሪራንግ።

ኬታኪ ጥርሷን ነክሳ ተከተለቻት። የአክስቷ ልጅ ሽሪራንግ ፑኔ ከተማ ውስጥ ድረ ገጾች ለሰው መመቸት አለመመቸታቸውን በሚፈትሽ ቢሮ ይሠራል። ከኮምፒውተሩ ሥር የተለጠፈችው ቀጭን ካሜራ የሰው ዓይን የት የት እንደሚያርፍ ትመዘግባለች። ዛሬ የሚፈተሸው ኬታኪ ልትገባበት የምትመኘው የሥዕል ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ገጽ ነው። አምና ኬታኪ ፈተና ላይ ስለነበረች እናቷ ሞልታላት ነበር። ማመልከቻው ግን ሳይላክ ቀረ፤ ዕድሏም አመለጣት።

«እኔ ሞልቻለሁ ልጄ፤ ላክ የሚል ነገር ግን አላየሁም» ነበር የእናቷ መልስ።

«ዓይን የለሽም እንዴ?» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ወዲህ ከ«እሺ» እና ከ«አልፈልግም» በቀር አታናግራትም። ዛሬ የመጣችውም ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ልታረጋግጥ ነው።

ስሟንና ዕድሜዋን ሞላች። ሥዕሏን አስገባች። ከታች ያለውን ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ተጫነች።

«አለቀ! ይሄንንማ ሕፃንም ይሞላዋል።»

«ተልኳል?»

«እንዴታ!»

ከኋላቸው የቆሙት የገጹ ሠሪ አቶ ጋድጊል ሳቁ። «ሰማህ ሽሪራንግ? ሰዎቹን ጠይቀህ መልሳቸውን መጻፍ ይበቃ ነበር። ሁሉም ቀላል ነው ይሉሃል። ካሜራው ለምን አስፈለገ?»

ሽሪራንግ ካሜራዋ የቀዳችውን ቅጂ ከፈተ። የኬታኪን ዓይን የሚያሳየው ቀይ ክብ ስሟ ላይ ቆም አለ፣ ወደ ታች ሮጠ፣ አረንጓዴው ላይ አረፈ። በስተቀኝ በኩል ብርቱካናማ ሣጥን አለ። ክቡ ወደዚያ ዝር አላለም። ሣጥኑ ውስጥ «ማመልከቻውን ላክ» ተብሎ ተጽፏል።

ኬታኪ ወደ ማያው ተጠጋች። «ይሄ... አሁን የጨመርከው ነው?»

«አይደለም፤ ፊትሽ ነበር። አረንጓዴው የሞላሽውን ያስቀምጣል እንጂ አይልክም። ሣጥኑ ማስታወቂያ ስለሚመስል ዓይን ይሸሸዋል። ካንቺ በፊት የመጡትም ላክን ብለው ነው የሄዱት።»

«ሰዉ አያነብማ!» አሉ አቶ ጋድጊል። «አምና ስንቷ እናት ደውላ አለቀሰችብን መሰላችሁ! ዓይን የላቸውም እንዴ?»

ኬታኪ ብድግ ስትል ወንበሩ ተገለበጠ።

«አላቸው! እናቴ ዓይን አላት! የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ!»

«ማናት ደግሞ ይቺ?»

«ደንበኛዎ ናት፣ ጌታዬ» አለ ሽሪራንግ፣ ወንበሩን እያነሳ።

ኬታኪ ሌላም ልትላቸው አፏን ከፈተች። ግን የሰውየው ቃል የራሷ ቃል ነበር፤ አንድም ፊደል አልተለወጠም። ፊቷ ነደደ። አሁን በማን ላይ ትጩህ?

«ሽሪ፣ ቅጂውን ስልኬ ላይ ላክልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጮኾ ጮኾ እስኪያቆም ትተወው ነበር።

«አቤት፣ እማ።»

እናቷ ይነሳል ብላ አልጠበቀችም።

«ባክሪ ቂጣ ጋግሬ ነበር... ላስቀምጥልሽ ወይስ አትፈልጊም?»

«እንዳትበዪ፤ አብረን እንበላለን» አለች ኬታኪ፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «የማሳይሽ ነገር አለ።»