አራት መቶ ጊዜ የተጠቀሰች እናት

«እንዴት ቻላችሁት?»

ዶክተር ሲራክ ይህን ሲጠይቃት ሙሉወርቅ መልሱን አሳደረችው። በማግስቱ መልሷን ይዛ ከዱመርሶ ቀበሌ ዲላ ከተማ ስትደርስ፣ ጠያቂው በሚሠራበት የጥናት ማዕከል፣ በቢሮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የኋላ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል። አጠገቡ የእብነ በረድ ዋንጫ ወድቋል። «የዓመቱ ብዙ የተጠቀሰ ጥናት» ይላል ጽሑፉ።

ኢንስፔክተር ዘነቡ ዋንጫውን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አየች። ከግርጌው ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል።

«ልጄ የሞተው ባንተ ጥናት ነው። አንተም አትኖርም። ሙሉወርቅ፣ ከዱመርሶ።»

«አለቀ እኮ!» አለ ኮንስታብል ገመቹ። «ሴትዮዋ በር ላይ ናት። ትናንት ስትጮህበት ግቢው በሙሉ ሰምቷል። ልያዛት?»

«ሰው ገድሎ በማግስቱ ወረፋ የሚጠብቅ አይተህ ታውቃለህ?» ዘነቡ ወረቀቱን በመሐረቧ ይዛ አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ስለዚህ ወረቀት ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

ሙሉወርቅ ፌስታሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ጎን ወዳለው ክፍል ገባች።

«ልታስሩኝ ነው? ፍሬን ለማን ትቼ? ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከኔ ሌላ ሰው የላትም!»

«ተረጋጊ፣ የፍሬ እናት። ለምን ጮኽሽበት?»

ከፌስታሏ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣች። የማዕከሉ ጥናት በአማርኛ አጥሮ የታተመበት ነው።

«በጸሎት ቤታችን ፊደል መማር ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። መምህሯ ‹ስለ ቀበሌያችሁ ነው፤ ማንበብ ተለማመጂበት› ብላ ሰጠችኝ። ሳነበው የራሴን ስም አገኘሁት። እዚህ ጋ ያንብቡት፣ እትዬ።»

ዘነቡ አነበበች። «ሙሉወርቅ፣ የቤተሰብ ብዛት አራት። ሁሉም በጤና ተመልሰዋል። እርዳታ አያስፈልጋቸውም።»

«ከቀያችን ተፈናቅለን ከርመን ስንመለስ ልጄ በቀለ ከስቶ በእቅፌ ነበር። ጥናቱ ወጣና ‹የዱመርሶ ሰው ጽኑ ነው፣ ራሱን ችሏል› ተባለ። ያን ጊዜ ለልጆች የሚታደለው አልሚ ምግብ ቆመ። በሁለተኛው ወር በቀለ ሞተ። አባቱ ይርጉ ደግሞ ወርቅ ፍለጋ ሻኪሶ ሄደ፤ እንደሄደ ነው። ጽናት ማለት ይህ ነው?»

«ማን ጠይቆሽ ጻፉት?»

«ማንም! ቤቴን የረገጠ ሰው የለም። ለዶክተሩም ይህንኑ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። ‹ታዲያ እንዴት ቻላችሁት?› አለኝ። ‹ነገ ነይ፣ ጥናቱን ስህተት ነው ብዬ አነሳዋለሁ› አለኝ።»

ገመቹ የቀለም መርገጫውን ከፍቶ አቀረበላት። «በይ፣ ቃልሽን በጣትሽ አጽኚ።»

«እስክሪብቶ የለህም?» ብላ ጮኸችበት። «ቡና ለቅሜ፣ ወገቤ ተቆርጦ ስመጣ ሰባት ወር የተማርኩት በጣቴ ልፈርም ነው?»

አምስቱን ፊደሎች ቀስ ብላ፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጭና ጻፈች። ዘነቡ የሙሉወርቅን እጅ ብቻ ተከታተለች።

ቀጥላ የገባችው አስከሬኑን ከበሩ ላይ አይታ፣ ሳትገባ ፖሊስ የጠራችው ጸሐፊ ብሌን ናት፤ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣች።

«ሴትየዋ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣች» አለች እያለቀሰች። «ዶክተር ሲራክ የጥናቱን የድሮ መጠይቅ ቅጾች አምጪልኝ አለኝ፤ አመጣሁለት። ከዚያ በቃ፣ ወደ ቤት ሂጂ አለኝ። የቢሮው ቁልፍ ያለን እኔ፣ እሱና ዶክተር ፊሊጶስ ብቻ ነን።»

«ቅጾቹ የት አሉ?»

በአሻራ የተፈረሙ አርባ ቅጾች የያዘ ክላሰር አመጣች። «ማን እንደመለሰው እንጃ፣ ቦታው ላይ ነው ያገኘሁት። ድሮም ኮምፒውተር ላይ ስተይባቸው ገርሞኝ ነበር። በክረምት ዱመርሶ ደርሶ የተመለሰ ወረቀት አንዲት የጭቃ ጠብታ እንኳ የለበትም! እኔ አንድ ቀን ሄጄ ጫማዬን እዚያው ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ማን ነው የሞላቸው?»

«ዶክተር ፊሊጶስ። ብቻውን ነው የሄደው።»

ፊሊጶስ ከሟቹ ጋር ጥናቱን የጻፈ ሰው ነው። ከረባቱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

«ሲራክ ወንድሜ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ሥራችንን ዓለም ያውቀዋል። ቆይ ላሳይዎት።» አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ ጫነ፤ አልከፈተለትም። ደግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ቁጥር አስገብቶ ከፈተው። «ልጅ ሆኜ በማጭድ ቆርጬው፣ ይኸው ስልኬ እንኳ አላውቅህም ይለኛል» ብሎ ሳቀ። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ በሌሎች ጥናቶች ተጠቅሷል! በዚህ ወር የፕሮፌሰርነት ማዕረጌ ይጸድቃል።»

«ስለ ሴትዮዋስ ምን ይላሉ?»

«ያልተማረ ሰው ንዴቱ እጁ ላይ ነው። ዛቻዋን በጣቷ ፈርማ ትታልዎታለች፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ዘነቡ ቀና ብላ አየችው።

ረፋዱ ላይ ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። አርባውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከጎናቸው የዛቻውን ወረቀት አኖረች።

«አርባ ቤት፣ አርባ እናት» ብላ ጀመረች። «በአርባዎቹም አሻራ መሃል ግን ያው አንድ የጠባሳ መስመር ያልፋል። ገመቹ፣ ዛቻው ላይስ?»

ገመቹ አጎንብሶ አየ። «ያው ነው» አለ፤ ጆሮው ቀላ።

«ዶክተር ሲራክ ትናንት ቅጾቹን ያስመጣው ይህን ለማየት ነው። አይቶም የሞላቸውን ሰው ጠራ፤ ጥናቱን እንደሚያነሳ ነገረው። ያ ሰው ዋንጫውን አነሳ። ከዚያ ለሬሳው ተጠያቂ ፈለገለት፤ በቀን ስትጮህ የተሰማች እናት ነበረች። እንደለመደው በእሷ ስም ጻፈ፣ እንደለመደው በራሱ ጣት ፈረመላት። የገበሬ ሴት በእስክሪብቶ ትፈርማለች ብሎ አላሰበማ! እሷ ግን ፊደል ቆጥራለች።» ወደ ፊሊጶስ ዞረች። «ይህን ወረቀት እስካሁን ከእኔና ከገመቹ ሌላ ያየ አልነበረም። በጣት መፈረሙን በምን አወቁ? እስኪ አውራ ጣትዎን።»

ፊሊጶስ እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ፈነዳ።

«ለአንዲት ቡና ለቃሚ ብሎ! አራት መቶ ምሁር የጠቀሰውን ሥራ በአንዲት ሴት ቃል ሊያነሳው!»

«አራት መቶ!» ሙሉወርቅ ብድግ አለች። «ከአራት መቶው አንዱ ቤቴ መጥቶ ልጅሽ በላ ወይ ብሎኛል?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አልተቀመጠችም። «ያ ሟች እንኳ ጠይቆኛል። መልሱን ይዤለት ነው የመጣሁት። አልቻልነውም። ይኸው ነው፤ አልቻልነውም! ጻፉት!»

«አንቺው ጻፊው» አለች ዘነቡ።

ገመቹ ሳይታዘዝ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ሙሉወርቅ በስሟ የተሞላውን ቅጽ ሳበች። «የቤተሰብ ብዛት አራት» የሚለውን ሰረዘችና ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ጻፈች። በቀለ ሞተ። ይርጉ ሻኪሶ ሄደ። ዱመርሶ የቀረነው እኔና ፍሬ ነን።