የአያ ሞላ ማግ

እኔ በመሠረቱ ላብራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝ፣ በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን አላምንም፣ እናቴ ኮምቦልቻ ቁጭ ብላ ስለ ጂን ስታወራ «እማ፣ እስቲ ጂኑ ደም ይስጠኝና ልመርምረው» እያልኩ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ወሬ ስለምወድ አይደለም፣ ወሬስ እወዳለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ይሄ ግን ደርሶብኛል፣ ወላሂ ደርሶብኛል።

ብቸና ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት እትዬ ውዴ ግቢ ነው። ባላቸው አያ ሞላ ሸማኔ ነበሩ፣ እኔ አልደረስኩባቸውም፣ ከመምጣቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ያረፉት። የሽመና ክፍላቸው ከእኔ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም እትዬ ውዴ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሯል። ውስጥ ያላለቀ ጋቢ አለ። ሞጣ ያለችው አንዲት ልጃቸው እናኑ ማርገዟን ሲሰሙ፣ አያ ሞላ «የልጅ ልጄ በእኔ ጋቢ ነው የሚታቀፈው» ብለው ጀመሩት፣ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ሞት ቀደማቸው።

እናኑ ቀኗ ደርሶ በየቀኑ ትደውላለች። ባሏ ሹፌር ነው፣ ዛሬ ደጀን ነው ሲባል ነገ ሌላ ቦታ ነው፣ ብቻዋን ናት፣ እትዬ ውዴ ደግሞ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ «እማዬ፣ ምነው ብትመጪልኝ» ስትል እኔም እሰማለሁ። እሳቸው ግን ንቅንቅ የለም። «ጋቢውን እሱ እንዳንጠለጠለው ጥዬው አልሄድም፣ ባዶ እጄንስ ምን ብዬ ነው የምገባው?» ይላሉ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ታዲያ ሌላ ሸማኔ ይጨርሰዋ» ብላቸው ስንት ቀን አኮረፉኝ።

ሻማውን የጀመርኩት በአፍንጫዬ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰገራና ሽንት ሲመረምር የሚውል ሰው አፍንጫ ምን እንደሚሸከም አልነግራችሁም፣ ቤቴ ስገባ እንኳ ጥሩ ነገር ይሽተተኝ ብዬ፣ ከጠጅ ቤት ሰም ገዝቼ፣ ከዩቲዩብ ተምሬ፣ የጠጅ ሳር ዘይት ጠብ እያደረግሁ በሻይ ብርጭቆ ሻማ መሥራት ያዝኩ። ችግሩ ክሩ ነው። ክሩ ከቀጠነ መሐል መሐሉን ቆፍሮ በራሱ ሰም ሰምጦ ይጠፋል፣ ከወፈረ ነበልባሉ ይዘልና ብርጭቆውን ጥላሸት ያለብሰዋል፣ ልኩ ሰሙን እስከ ብርጭቆው ዳር እኩል የሚያቀልጠው ነው። የሱቅ ሲባጎ በየዓይነቱ ሞከርኩ፣ ትርፉ ጭስ ሆነ።

«እትዬ፣ የእጅ ፈትል ይኖርዎት ይሆን?» አልኳቸው አንድ ቅዳሜ። ገቡና ከአልጋቸው ሥር ቅርጫት ጎትተው አወጡ፣ ማግ ነው፣ ሸማኔው በድሩ መሐል የሚያሳልፈው ክር፣ በቀሰም በቀሰም ላይ የተጠቀለለ። «ለዚያ ጋቢ የፈተልኩት ነው» አሉ። «ሸማኔው ከሌለ ማግ ምን ያደርጋል? ውሰጂና አንድጂው።» አባባላቸው ከበደኝ፣ ግን ክሩ እንዴት ያለ ክር መሰላችሁ፣ ወሰድኩት።

ሐምሌ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ። ነፋስ ሙከራውን እንዳያበላሽብኝ በርና መስኮቱን ዘጋሁ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቅሁ፣ ከዚያ አራት ብርጭቆ ደረደርኩ፣ አንዱ ባለ ሲባጎ፣ ሌሎቹ በዚያ ማግ የተገመዱ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ አራትና ባለ ስድስት ክር። ለኮስኳቸው። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ሸርተት አለና ጧ አለ። ደግሞ ሸርተት፣ ጧ። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ ግን እንዲህ ልክ ጠብቆ አይሄድም።

የላብራቶሪ ሰው መሆኔን ነግሬያችኋለሁ፣ አንድ በአንድ መፈተሽ ልማዴ ነው፣ ሁሉንም አጠፋሁ፣ ድምፁ ቆመ። ሲባጎውን ለኮስኩ፣ ጸጥ። ባለ ሁለቱን ለኮስኩ፣ ጸጥ። ባለ ስድስቱን፣ ጭሱ ብቻ። ባለ አራቱን ስለኩሰው ሸርተት፣ ጧ። አጥፍቼ ደገምኩት፣ ያው ነው። ደነገጥኩ፣ ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሐል ሰሙ እስከ ዳር እኩል መቅለጡን አይቼ ደስ ብሎኛል፣ ልኩን ክር አገኘሁ ማለት ነዋ።

ሮጬ ልጠራቸው በሩን ስከፍት እትዬ ውዴ ነጠላቸውን ተከናንበው ደጁ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል። እጄ ሻማውን ለማጥፋት ሲዘረጋ «ተይው፣ ዘይኔ፣ አታጥፊው» አሉኝና ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ማን ነው?»

«ስሚው እስቲ። ሦስት ይመታል፣ ያርፋል። ሲሸምን ግራ እግሩን ያመው ነበር።»

እውነትም ከሦስት ምት በኋላ ያርፍ ነበር፣ እኔ ልብ አላልኩትም እንጂ። እዚያው እንደተቀመጥን መሸ፣ ሻማው አልቆ ብርጭቆው ቂጥ ላይ ሲጠፋ ድምፁም አብሮት ጠፋ።

እትዬ ውዴ ቁልፉን ፈቱ። በስልኬ መብራት አበራሁላቸውና ገባን። ጋቢው እስከ ዘርፉ ድረስ አልቋል። እንግዲህ እኔ ቀድሞ ምን ያህል እንደቀረው በዓይኔ አላየሁም፣ ማስረጃዬ የአንዲት ሴት ቃል ነው፣ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ሸማኔው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ከግድግዳው እስከ ሽመናው እንጨት፣ አቧራ የጠጣ የሸረሪት ድር ተዘርግቶ ነበር፣ አንድም ቦታ አልተበጠሰም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲባል እስቅ ነበር፣ ያን ቀን አልሳቅሁም።

እትዬ ውዴ አላለቀሱም። ጋቢውን በክንዳቸው ለኩት፣ እንደገና ለኩት፣ ከዚያ ወደ ባዶው መቀመጫ ዞረው «በል እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን አጥፈው በሞጣ አውቶቡስ ሄዱ። እናኑ እናቷ አጠገቧ ሆና ሴት ልጅ ወለደች፣ በጋቢው ታቅፋ የተነሳችው ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፣ ጉንጯ ይበላል።

የተመለሱት መስከረም ከጠባ በኋላ ነው፣ ወዛቸው ተመልሷል፣ ስለ ልጅቷ አውርተው አይጠግቡም። ማታ ላይ «እስቲ ከዚያ ማግ ከቀረ ለኩሺልኝ» አሉኝ። አንድ ባለ አራት ክር አስቀምጬ ነበር። በሩን ዘጋሁ፣ ለኮስኩ፣ ሁለታችንም ጆሯችንን ጣልን። ምንም የለም። ሳላስበው ከፋኝ። እሳቸው ግን ሳቁ።

«ጨርሷል እኮ፣ ልጄ። ሥራውን የጨረሰ ሰው ምን ይጎልተዋል?» ብለው ሊተኙ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። በሩን መልሼ ዘግቻለሁ፣ ስንጥቁ እንደተጠቀጠቀ ነው፣ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፣ ወላሂ የለም። ነበልባሉ ግን ቀስ ብሎ ወደ በሩ ጎንበስ አለ። ቀና አለ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ። ብዙ ጊዜ ተቀምጬ አየሁት፣ ከዚያ ተነሳሁና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ውጪ ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር፣ ነበልባሉ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ለማን እንደከፈትኩ አትጠይቁኝ።