የዙሁራ ግጥምና የባዳዊ መልስ

ዙሁራና ባዳዊ የተዋወቁት በሊኮኒ መሻገሪያ ጀልባ ላይ ነው። እሷ ብረቱን ተደግፋ በለሆሳስ ግጥም ታጠናለች። ሰው የሚሰማት አልመሰላትም።

«ሦስተኛው ስንኝ ያነክሳል» አላት አጠገቧ የቆመው ወጣት።

ገላመጠችው። «አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ግን ያነክሳል።»

ወደ ሞምባሳ ደሴት እስኪሻገሩ ተከራከሩ። ሲወርዱ ስንኙ ተቃንቷል፤ ዙሁራም ትስቅ ነበር።

ግጥሞቿን ፊቷን ሳታሳይ፣ በድምፅዋ ብቻ ኢንተርኔት ላይ ትለቃለች። ሚኒባስ ውስጥ ስለሚጎነተሉ ልጃገረዶች የገጠመችው ግን አገር አዳረሰ። ምስጋናውን ተከትሎ ስድቡ መጣ። መጀመሪያ «ባለጌ» አሏት። ቀጥሎ «አሳዳጊ የበደላት» አሏት። ከዚያ ስሙን የደበቀ አንድ ሰው «በርሽ ሰማያዊ ነው አይደል?» ብሎ ጻፈላት።

በሯ ሰማያዊ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጻፍ ከበዳት። አንድ ቃል ታሰፍርና ያ ሰው ሲያነበው ይታያታል፤ ትሰርዘዋለች። እንዲህ እያለች ሌላ ሰው የጻፈው የሚመስል ለስላሳ ነገር ብቻ ቀራት። እሱንም አልለቀቀችውም።

ከጀልባው ቀን ወዲህ ወዳጇ የሆነው ባዳዊ ይህን ዝም ብሎ ማየት አቃተው። ሳያማክራት፣ በገዛ ስሙና ፎቶው «ይቺን ልጅ የምትሰድቡ ፈሪዎች! እኔ አውቃታለሁ» ብሎ መለሰላቸው።

ያቺን «አውቃታለሁ» ይዘው ተነሡ። «ውሽማዋ ነው» አሉ፤ በእሱ በኩልም ማንነቷን ደረሱበት። ቀኑ ሳይመሽ የባዳዊ ፎቶ ከዙሁራ ስም ጋር ተጣምሮ ታላቅ ወንድሟ አቱማኒ ስልክ ላይ ደረሰ።

አቱማኒ አልጮኸባትም። ያስፈራትም አለመጮኹ ነው። «ወይ ያግባሽ፣ ወይ ድምፅሽ ከዚህ ቤት አይውጣ» አላት፣ ረጋ ብሎ።

በማግስቱ ባዳዊ አክስቱን ይዞ ለሽምግልና መጣ። አክስቱ ከአቱማኒ ጋር ውስጥ ሲነጋገሩ፣ ዙሁራና ባዳዊ ግቢው ውስጥ ቆሙ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አላት።

«አዎ፣ አንተ ነህ።»

«እንጋባና አፋቸው ይዘጋ።»

ዙሁራ ቀረብ አለችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እወድሃለሁ ባዳዊ። ግን የሠርጌን ቀን ስም የለሽ ሰው አይቆርጥልኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጠብቀኝ። ደግሞ ስለ እኔ ከመናገርህ በፊት ጠይቀኝ።»

«እሺ» አለ።

ገብታም አሁን እንደማታገባ፣ ዝምም እንደማትል ተናገረች። አቱማኒ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላናገራትም።

በሳምንቱ፣ ሰው ነፋስ ሊቀበል በሚወጣበት ሰዓት፣ ዙሁራና ባዳዊ ባሕሩ ዳር ካለው ግንብ ላይ ተቀመጡ። ዙሁራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን እያሳየች፣ ስሟን ተናግራ የቀረጸችውን ግጥም ለቀቀች። ወዲያው ስልኳ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

የመጀመሪያው መልእክት ፎቶ ነበር። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ግንብ ላይ ተቀምጠው፣ ከበስተኋላ የተነሡት። ሴትየዋ የለበሰችው ልብስ ዙሁራ አሁን የለበሰችው ነው።

ባዳዊ አይቶ ደሙ ፈላ። ዙሁራ ቀድማው ተነሣችና ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ፊቴን ፈልገህ ከሆነ ይኸው!» አለች ጮክ ብላ።

የሚያልፈው ሁሉ ቆመ። ባዳዊ አጠገቧ ቆመ። ተናገር አላለችውምና አንድም ቃል አልተናገረም።